የውድነሽና የአስካለ መጨረሻ

ገርጂ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እትዬ ሸምሲያ ጉልበታቸው ተሻላቸው ወይስ ዛሬም ክረምቱን እየረገሙ ነው? ባልሽ ሙዘሚልስ ሱቁን ወደ ዋናው መንገድ አወጣው? የኮምቦልቻ ዝናብ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ የእኛው ግን ጉድ ነው። የገርጂ ጭቃ ጫማ ከእግር ይነጥቃል። ታክሲዎቹ ከአስፋልቱ ወዲህ ንቅንቅ አይሉም፤ ሰው ሁሉ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ነው ሰፈሩ የሚገባው።

የራሴን ጤና ደግሞ እንደ ልማዴ «ካንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብኝ የለም» ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። እስከ ዛሬ የላክሁልሽ ሁሉ እንደዚያ ነበር አይደል? ተስፋማርያም መኪናውን ጭኖ ወደ አሰብ ሲወርድ በእናንተ ደጅ ባለፈ ቁጥር «ደህና ናት በልልኝ» እያልኩ ነው የምልከው። እሱም ባሌ ነውና እንዳልኩት ይልልሻል። ዛሬ ግን ያንን መጻፍ አቃተኝ። ፈርቻለሁ፣ አብሮ አደጌ። በሕይወቴ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

አጠገብሽ ላለው ሰው ለምን አትነግሪም እንዳትይኝ። እዚህ ቤት ፈራሁ ማለት ክልክል ነው። ገና አፌን ስከፍት «አታሟርቺ!» ይሉኛል። ጎረቤቶቼ መጥተው «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብለው፣ ሆዴን ሰርቀው አይተው፣ ወንድ ነው ሴት ናት ተባብለው ይሄዳሉ። «እናቴ እኮ በወሊድ ነው የሞተችው» ብላቸው አንዷ ጆሮዋን ደፍና ልትወጣ ምንም አልቀራት። እውነታቸውን ነው፤ እርጉዝ ፊት ሞት አይነሳም። እርጉዟ ራሷ ስታነሳው ግን ምን እንደሚደረግ ማንም አላሰበበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰኔ መጨረሻ ሐኪም ቤት ሄጄ ደምሽ ከፍ ብሏል አሉኝ። ሥራ ተይ፣ ተኚ፣ ጨው ቀንሺ። እግሬ አብጦ የተስፋማርያምን ነጠላ ጫማ ነው የማደርገው፤ እሱም ይጠበኛል። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው፤ ቀና ብሎ እንኳን አያየኝም። «ራስሽን አጥብቆ ካመመሽ፣ ወይ ዓይንሽ ላይ ብልጭ ብልጭ ካለብሽ፣ ቀጠሮሽን ሳትጠብቂ በዚያው ሰዓት ነይ» አለኝ። ለምን ብዬ ስጠይቀው ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝና «አይዞሽ» አለኝ። ሐኪም አይዞሽ ሲል ምን ያህል እንደሚያስፈራ ታውቂያለሽ?

እንግዲህ ተኝቼ ከረምኩ። ተስፋማርያም ከመሄዱ በፊት «ምን አማረሽ?» ሲለኝ፣ ሌላ ሴት ብርቱካን፣ ሌላ ሴት ጥሬ ሥጋ ያምራታል፣ እኔ የድሮ ልብ ወለዶቻችን አማሩኝ አልኩት። ከት ብሎ ሳቀብኝ። ግን ሁለት ቀን መርካቶ አሮጌ መጽሐፍ ተራ ሲዞር ውሎ፣ አቧራ ለብሶ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞልኝ ገባ። እነዚያ የሴት ልጆች መጽሐፎች፤ ሁልጊዜ ሁለት ጓደኛሞች ያሉባቸው፣ አብረው ውኃ የሚቀዱ፣ አብረው ከተማ የሚገቡ፣ አንድ ቀሚስ በተራ የሚለብሱ። ቅጠላቸው ቢጫ ሆኗል እንጂ ሁሉም አሉ።

መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህንን ልንገርሽና ሳቂ። ያ ሁለቱ ልጃገረዶች የሚጣሉበት መምህር ትዝ ይልሻል? እኔና አንቺ ያለቀስንለት፣ ጥቁር ኮት የሚለብሰው? ሰውዬው ባዶ ነው! ሙሉ መጽሐፍ ውስጥ ከማቃሰት በቀር አንድ ነገር አልሠራም። ሃያ ገጽ አንብቤ በጥፊ ባጠናግረው ደስ ይለኝ ነበር። ልጃገረዶቹ ግን እንዳሉ ናቸው። አንዷ ስትቆጣ ሌላዋ ጸጉሯን ስትሠራላት፣ የሚያወሩት ወሬ፣ የሚሳሳቁት ሳቅ፣ የሃያ ሁለት ማዞሪያው ግቢያችን በረንዳ ላይ ቁጭ ያልን መሰለኝ። መጽሐፉን ደረቴ ላይ አድርጌ ስምሽን ጠራሁ፣ ለብቻዬ።

እዚህ የሚያስታምሙኝ የተስፋማርያም አክስት ናቸው፤ እማማ የሻሽወርቅ። ከኮተቤ መጥተው ከረሙ። ደግ ናቸው፤ ግን ጦር አዛዥ ናቸው። ፊደል ስላልቆጠሩ መጽሐፍ አይወዱም። «ዓይን የሚያደክም ነገር ደም ያስነሳል» ብለው ከረጢቱን ከጤፍ ጎተራ ኋላ ደበቁብኝ። አልቅሼ አስመለስኩ። ቀጥሎ «እስቲ ምን ይላል?» አሉኝ፤ አንድ ገጽ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። በማግሥቱ ከቅዳሴ ሲመለሱ ነጠላቸውን እንኳን ሳያወርዱ «ያቺ ልጅ ምን ሆነች?» ብለው አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ። እነሆ ፍልሰታን እሳቸው እየጾሙ እኔ እያነበብኩ ይዘነው ነበር። ተረት የማያልቅባቸው ሴት፣ እሳቸው ራሳቸው ያልሰሙት ተረት ሲያገኙ እንደ ሕፃን ነው የሚሆኑት።

እንዲህ እያልን ነው የውድነሽና የአስካለ መጽሐፍ ላይ የደረስነው።

ርዕሱን ጠርተነው አናውቅም፤ በልጆቹ ስም ነበር የምንጠራው። አንቺ ዝምተኛዋ ውድነሽ፣ እኔ ስቃ የማትጠግበው አስካለ። ማን ማን እንደሆነ ተከራክረን እንኳን አናውቅም፤ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ተካፈልነው። ባለ ኪዮስኩ መጽሐፍ አከራያችን ጋሽ ኃይለኪሮስ ወፍራም መጽሐፍ ሲመጣለት እንዴት እንደሚያደርግ ታስታውሺያለሽ፤ በምላጭ መሐል ለመሐል ይሰነጥቀውና ሁለቱንም ግማሽ በመርፌና በክር ሰፍቶ፣ በአሮጌ ካላንደር ለብጦ፣ ለሁለት ሰው ያከራያል። እኔ የመጀመሪያውን ግማሽ ስወስድ አንቺ ሁለተኛውን ትወስጃለሽ። ከኋላ ጀምረሽ ማንበብ አያስጠላሽም ነበር። እንዴት እንደዚያ ይነበባል ብዬ ስቀልድብሽ፣ «ምን እንደሚሆን ካወቅሁ አልደነግጥም» ትይኝ ነበር።

ወደዚያ ኪዮስክ መጀመሪያ የሄድንበትንም ቀን ታስታውሺዋለሽ። አሥራ ሁለት ዓመታችን ነበር። እናቴ ምጥ ይዟት፣ እናትሽ እትዬ ሸምሲያ ወገቧን ደግፈዋት፣ እኔና አንቺ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን እልልታ እንጠብቃለን። እልልታው ሲበዛ ወንድ ነው፣ ሲያንስ ሴት ናት ብለን አንዱንም እንዳንስት ትንፋሻችንን ውጠን። እልልታው አልመጣም። በሩ ተከፍቶ እናትሽ ወጡ። እኔን አላዩኝም፤ አንቺን ነው ያዩት። «ይዘሽልኝ ሂጂ» አሉሽ። የት እንደምትወስጂኝ ስላላወቅሽ ወደ መንገዱ አወጣሽኝ፤ ያገኘነው ክፍት በር የጋሽ ኃይለኪሮስ ነበር። በዚያ ቀን የሰጠን መጽሐፍ ምን እንደሚል አንድ ቃል አላስታውስም። አንቺ እስኪመሽ ስታነቢልኝ ድምፅሽ እንደጎረነነ ግን አስታውሳለሁ።

የውድነሽና የአስካለ መጽሐፍ የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ፈተና ልንፈተን ስንል። እኔ ሁለተኛው ግማሽ እጄ ሲገባ አስካለ አግብታ፣ አርግዛ፣ ምጥ ይዟታል። ወንዙ ሞልቷል። ውድነሽ ከማዶ ናት። «ቀሚሷን ሰብስባ ውኃው ውስጥ ገባች» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ቅጠል የለም። ጮህኩብሽ። አንቺም «ሚስባህ ቀደደው፤ እኔ ግን ሳነበው ሙሉ ነበረ፤ መጨረሻውን ልንገርሽ» አልሽና ነገርሽኝ። ውድነሽ ወንዙን ተሻገረች። ደረሰች። የአስካለን ወገብ ያዘች። ሊነጋጋ ሲል እልልታው ወንዙን ተሻግሮ ከማዶ ያሉት እረኞች ሁሉ ሰሙት። ሴት ልጅ ወለደች፤ ስሟንም ውድነሽ አሏት። ደጋግመሽ እንድትነግሪኝ ስለምንሽ አንድ ቃል ሳትቀይሪ ነበር የምትነግሪኝ።

ታናሽ ወንድምሽ ሚስባህ ያኔ ድክ ድክ የሚል ሕፃን ነበር። ያ ልጅ እንኳን መጽሐፍ ሊቀድ ዳቦ ቆርሶ አያውቅም። እናትሽ ሲቆነጥጡት አልቅሶ አልቅሶ ወደ አንቺ ሲያይ ነበር። ከዚያ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ጋሽ ኃይለኪሮስ ኪዮስክ ውስጥ ተቀምጠሽ መጽሐፍ ስትሰፊለት ከረምሽ። ጣትሽን መርፌ በሳስቶት፣ ዝናብ እየገባብሽ። ለምን ስልሽ «ስፌት ደስ ይለኛል፤ በነፃ አነባለሁ» አልሽኝ። ቀንቼብሽ አኩርፌሽ ነበር እኮ! ምን ዓይነት ደደብ ነበርኩ።

ተስፋማርያም ያመጣልኝ መጽሐፍ ሙሉ ነው። በምላጭ አልተሰነጠቀም፤ አንድ ቅጠል አልጎደለውም።

ትናንት ከሰዓት እዚያው ወንዝ ላይ ደረስን። እማማ የሻሽወርቅ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ያዳምጡኛል። «ቀሚሷን ሰብስባ ውኃው ውስጥ ገባች» ብዬ አነበብኩና ቅጠሉን ገለጥኩ። በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው ገጽ። ድምፄን አጠፋሁና በዓይኔ ሄድኩ። ውድነሽ ደርሳለች። ደጃፉ ላይ ሴቶች ቆመዋል። እልልታ የለም። ከዚህ በላይ አልጽፍልሽም፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። ከእኔ በፊት ያነበበ ሰው በቀይ እስክሪብቶ ጠርዙ ላይ «ምን አለ ብትተዋት!» ብሎ ጽፏል። ብዕሩ ወረቀቱን በስቶታል።

«ምነው ዝም አልሽ?» አሉኝ እማማ። «ደረሰችላት?»

ቀና ብዬ አየኋቸው። ጾም ፊታቸውን አመንምኖታል፤ ዓይናቸው ግን ሆዴ ላይ ነው። የሚጠይቁኝ ስለ አስካለ አልነበረም። እሳቸውም ፈርተዋል ማለት ነው፤ ያ ሁሉ «አታሟርቺ» ፍርሃት ኖሯል። እኔም አፌን ከፈትኩና የአንቺ መጨረሻ ወጣ። አንድ ቃል ሳይዛነፍ። ዓይኔን ገጹ ላይ ተክዬ፣ የማነብ መስዬ፣ ወንዙን አሻገርኳት፣ ወገቧን አስያዝኳት፣ እረኞቹን አሰማኋቸው። ልጅቷንም ውድነሽ አልኳት።

እማማ የሻሽወርቅ ከአልጋው ጫፍ ብድግ አሉና እልልታውን አቀለጡት! ጣራው ቆርቆሮ ነው፣ ታውቂያለሽ፤ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። ትንሽ ሳይቆይ ጎረቤቶቼ ጭቃውን እየረገጡ፣ ነጠላቸውን እየጎተቱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» እያሉ ገቡ። አንዷ የገንፎ ዱቄት ይዛለች። እኔ ከነሆዴ፣ ከነመጽሐፌ ተቀምጫለሁ። እንዴት እንደሳቅን አትጠይቂኝ። ከሄዱ በኋላ ግን ብርድ ያዘኝ። ማርያም ገና አልማረችኝም፤ ምስጋናው ቀድሞ መጣ። ይህም ሟርት ነው ወይስ ምርቃት? ማንን ልጠይቅ?

አንቺን ምንም አልጠይቅሽም። ምላጩን ከየት አመጣሽው፣ ቅጠሎቹን የት አደረግሻቸው፣ የመጽሐፉን ዕዳ ስንት ቀን ሰፍተሽ ከፈልሽው፣ አልልም። አሥራ አራት ዓመትሽ ነበር። እኔ ከዚያ ድንጋይ ላይ ገና እንዳልተነሳሁ ከአንቺ በቀር ማንም አላወቀም ነበር። አሁን አውቄ የማመሰግንበት ቃል አጣሁ፤ ስለዚህ አላመሰግንሽም።

ግን እውነቱን ካየሁት ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። መጽሐፍ ነው፣ ሰው ቁጭ ብሎ የፈጠረው ነው እላለሁ። እናቴን ግን ማንም አልፈጠራትም። ለበኩር ልጅ ሴት እናቷ ቤት ትገባለች፤ ተስፋማርያም «እናትሽ ቤት እንዳልል…» ብሎ ቃሉን ዋጠው። እኔ እናቴ ቤት የምለው ከቀረኝ የእናንተ ነው፤ እትዬ ሸምሲያ ያሉበት። እዚያ ደግሞ በዚህ ሆድና በዚህ መንገድ አይደረስም። ባሌ አሰብ ወደብ ላይ ጭነት እየጠበቀ ነው፤ መቼ እንደሚጭን አይታወቅም። ወገቤን የሚይዘኝ ማን ነው? ይህን ነው ስፈራ የከረምኩት። ሞቱን ብቻ አይደለም። የማላውቀው ሰው እጅ ውስጥ መሆኑን።

ይህን ደብዳቤ ዛሬ ጠዋት ስጀምር ራሴን ያመኝ ነበር፤ አልነገርኩሽም። ለእማማም አልነገርኳቸው። ከንጋት ጀምሮ ነው፤ ዓይኔን ወደ ውጭ የሚገፋ ሕመም። ንባብ ነው፣ የትናንቱ ሳቅ ነው እያልኩ እዚህ ደረስኩ። አሁን ግን ፊደሎቹ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር አለ። መብራት ነው እንዳልል ቀን ነው። መስመሩ ከዚህ በታች ቢጣመምብሽ አትቀየሚኝ።

ነገርኳቸው። እማማ የሻሽወርቅ አንድ ጊዜ እንኳን አታሟርቺ አላሉኝም። ነጠላቸውን አደግድገው፣ ጫማቸውን ሳያደርጉ ሮጠው ወጡ፤ ሙክታርን ሊጠሩ። ሙክታር የተስፋማርያም ባልደረባ ነው፤ ቤቱ እዚሁ ነው፤ መኪናውን አስፋልቱ ዳር አቁሞ ዛሬ ወደ እናንተ ሲሚንቶ ይዞ ሊነሳ ነበር። ደብዳቤውን ሊወስድልኝ ቃል ገብቶልኝ ነው የጀመርኩት። አሁን ደብዳቤውንም እኔንም ይጭናል። ጎረቤቶቼ እስከ አስፋልቱ ይደግፉኛል ተብሏል። ጭቃው ውስጥ ስገባ ቀሚሴን እሰበስባለሁ።

ስለዚህ ቶሎ ልበል። ሙክታር ሐኪም ቤቱ በር ላይ አውርዶኝ መንገዱን ይቀጥላል። ጋቢናው ውስጥ እኔ የምቀመጥበት ቦታ እስከ ኮምቦልቻ ባዶ ነው፤ ሲሚንቶውን አራግፎ ሲመለስም ባዶ ነው። እኔን የት እንዳወረደኝ እሱ ያውቃል። ስለ ልጁም የምጠይቅሽ ነገር አለኝ፤ እሱ በደብዳቤ አይሆንም።

መልስ አትጻፊልኝ። ነይ። ደርሰሽ ወገቤን ከያዝሽ፣ መጨረሻውን ንገሪኝ። እንደ ድሮው ብትነግሪኝም ግድ የለኝም፤ አምንሻለሁ።

አላህ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ የሙዘሚልን ንግድ ያቅናለት፤ ለእትዬ ሸምሲያ ጉልበታቸውን ይመልስላቸው። ዱዓ ያድርጉልኝ በያቸው፤ ያኔ ከበሩ ሲወጡ አላዩኝም፣ አሁን በዱዓቸው ይዩኝ በያቸው። ሚስባህን ደግሞ ስለ ቁንጥጫው ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ እሱ ምንም አልቀደደም።

ድምፃቸው ከደጅ ይሰማኛል፤ መጡ።

ከማዶ ሆና የምትጠብቅሽ
አብሮ አደግሽ